ቲቸር ሙሜና ዓይን አፋሩ ጉማሬ

ቲቸር ሙሜ ሞቱ ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ሰምጠው ነው?» ብዬ ነው። የደወለልኝ የሥራ ባልደረባዬ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ደግሞ «አስተግፊሩላህ! በሞተ ሰው ታስቀኛለህ?» ብሎ ተቆጣኝ። አልሰመጡም። ደም ግፊት ነው። ጭሮ ውስጥ፣ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። ጥያቄዬ ግን የክፋት አልነበረም፤ የሚያውቃቸው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። ውሃ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ካለ የሚጮሁ ሰው የመጨረሻ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሐይቅ በማስጎብኘት ነው።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው የስፖርት አስተማሪያችን ሆነው ነው። ሰማያዊ ቱታ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ ከፊሽካው ቀድሞ የሚደርስ ሆድ። የስፖርት መጽሐፋችን ውስጥ ዋና የሚባል ምዕራፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ጭሮ ውስጥ እንኳን መዋኛ የፊት መታጠቢያ ውሃም በወረፋ ነበር። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ምዕራፉን ዘሎት ያልፋል። ቲቸር ሙሜ ምዕራፍ አይዘሉም። ዴስኮቹን ወደ ሜዳ አስወጡን፣ በሆዳችን አስተኙን፣ «እጅ! እግር! ተንፍስ!» እያሉ በፊሽካ አዋኙን። አንዱ ጓደኛችን ተንሸራቶ ከዴስኩ ላይ ሲወድቅ ሮጠው ደረሱበትና ጆሮው ላይ ፊሽካቸውን ነፍተው «ሰምጠሃል! ዜሮ!» አሉት። እኔ ከሃያ አሥራ ስምንት አመጣሁ። እስከ ዛሬ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሰፋ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ በወረቀት ግን ዋናተኛ ነኝ።

እኔ ባዮሎጂ ተመርቄ እዚያው ትምህርት ቤት ላስተምር ስመለስ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ሲወጡ እንደሌላው ጡረተኛ ከመስጊድ ወደ ጫት በርጫ፣ ከበርጫ ወደ መስጊድ ይመላለሳሉ፣ መሀል ላይ ስለ ጉልበታቸው ያማርራሉ ብለን ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቀን ጠዋት በዚያው ሰማያዊ ቱታ መምህራን ማረፊያ ከች አሉና አስጎብኚ መሆናቸውን አሳወቁን።

«ምን ሊያስጎበኙ ነው ቲቸር?» አልናቸው።

«ሐይቅ» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሐይቅ ሲባል ጣናን የሚያስብ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከሂርና ወዲያ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ጥቂት በእግር ሲኬድ፣ ከጫት ማሳዎች መሀል የተኛ፣ ዙሪያውን ቄጠማ የበቀለበት ውሃ ነው፤ ነበረ ልበል እንጂ። ደህና እርምጃ ያለው ሰው ሳያልበው ዞሮ ይጨርሰዋል። የአካባቢው ሰው ስም እንኳን አላወጣለትም፤ «ሐሮ» ነው የሚለው። ሐሮ ደግሞ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው፤ በቃ። ቲቸር ሙሜ ይህ አልበቃቸውም። ጉብኝቱን ለማስተዋወቅ ባዘጋጁት ወረቀት ላይ በትልቁ «ሐሮ ሐይቅ» ብለው ጻፉ።

«ቲቸር» አልኳቸው፣ «ሐይቅ ሐይቅ ብለው እኮ ነው የጻፉት።»

«አውቃለሁ። ሁለቴ ሲጠራ ትልቅ ይመስላል።»

ከወረቀቱ የባሰው ታፔላው ነው። አስፋልቱ ዳር የሚቆመውን ታፔላ ጭሮ ውስጥ ለአንድ ማስታወቂያ ጻፊ ሰጡት። ሰውየው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም። «ሐሮ» የሚለውን «ሐሬ» ብሎ ጻፈው። ሐሬ አህያ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሐረር አዲስ አበባ የሚመላለስ መንገደኛ ሁሉ ሂርናን አለፍ ሲል «ወደ አህያ» የሚል ቀስት ይጠብቀዋል። ሚኒባሶች ፍጥነት እየቀነሱ ይስቁ ነበር። እኔም ከሳቂዎቹ አንደኛው ነኝ፤ እንዲያውም ፎቶ አንስቼ ለመምህራኑ ሁሉ በስልክ የላክኩት እኔ ነኝ። ያስተካክሉታል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ በአዲስ ቀለም አደመቁት። «አቦ ተዉት» አሉን፣ «ሰው ለመሳቅም ቢሆን ይቆማል። ከቆመ ይወርዳል። ከወረደ እኔ አለሁ።» የሚቆም ሰው አልጠፋም።

የጉብኝቱ መርሐ ግብር ሦስት ክፍል ነበረው፤ የእግር ጉዞ፣ የወፍ ምልከታና የጀልባ ሽርሽር። በእግር ጉዞው እሳቸው ከፊት፣ ጎብኚዎች ከኋላ፣ በፊሽካ ይኬዳል፤ ዳገቱ ላይ የደከመ ሰው እንደ ተማሪ ይገሰጻል። አንዴ ከባለቤቷ ጋር የመጣች ሙሽራን በቬሎዋ «ጉልበት ከፍ! ጉልበት ከፍ!» ሲሏት በዓይኔ አይቻለሁ። የወፍ ምልከታው ላይ እኔን «ሳይንሳዊ አማካሪ» ብለው ሾሙኝ፤ ሹመቱ የማማከር መብት አልነበረውም። ወፍ ሲመጣ ስም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ይቺኛዋ ከሩሲያ የመጣች ናት» አሉ አንድ ቀን፣ አንዲት ተራ ዳክዬ እያሳዩ።

«በምን አወቁ?» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ይኸው ስትዋኝ አይበርዳትም።»

ጀልባው ስምንት ቢጫ ጀሪካንና አንድ የድሮ የቤት በር ነበር። በሩ መቀርቀሪያው እንኳን አልተነቀለም። ጎብኚ በሩ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ የሰፈሩ ጎልማሳ በእንጨት እየገፋ ቄጠማውን ያዞረዋል፣ ቲቸር ሙሜ ከዳር ሆነው በፊሽካ ያዛሉ። እሳቸው ራሳቸው አንድም ቀን አልተሳፈሩም። ለምን ሲባሉ «ካፒቴን ወደብ ላይ ነው የሚቆመው» ይላሉ። ለኢድ የሴቶች ማኅበራት ይመጣሉ፣ ለገና የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመጣሉ፣ የሂርና ጫት ነጋዴዎችም አንዴ መጥተው ምንጣፍ አነጠፉና ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ሲቅሙ ውለው «ማሻአላህ፣ ቆንጆ ሐይቅ ነው» ብለው ሄዱ። ቲቸር ሙሜ እስከ አስፋልቱ ሸኟቸው።

ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔ ለረጅም ጊዜ የጠየቅኩት ለመቀለድ ነበር፤ አንድ ቀን ግን መልስ ሰጡኝ። ሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረ ጊዜ፣ ገና ጡረታ ሳይወጡ፣ እዚያው የሐይቁ ወለል ላይ የተደረገ ግጥሚያ በዳኝነት አጫውተዋል። «ሐይቅ መሀል ቆሞ ፔናሊቲ የሰጠ ዳኛ እኔ ብቻ ነኝ» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ መሳቃቸውን ተዉት። «ሁለተኛ ሐይቅ ውስጥ ቆሜ ፊሽካ አልነፋም። እንግዳ የሚመጣበትን ውሃ ማንም ደፍሮ አይመጠውም። እንግዳ ላምጣ እንጂ በምንም ይምጣ።» እኔ በሆዴ፣ ሽማግሌው ደግሞ ፈላስፋ ሊሆኑ ነው አልኩ።

በዚያው በጋ ሁለት የውሃ ሞተሮች በአህያ ተጭነው ወደ ሐይቁ መጡ። በጋ ላይ ውሃ የጠጣ ጫት ንጉሥ ነው፤ ይህን የማያውቅ የጨርጨር ሰው የለም። በሳምንቱ ቲቸር ሙሜ አንድ ጉማሬ ወለዱ።

አዎ፣ ጉማሬ። ከየት መጣ? ከአዋሽ። በምን መጣ? በእግሩ፣ ያውም ዳገቱን ሁሉ ወጥቶ። የት አለ? ቄጠማው ውስጥ። ለምን አይታይም? ይህን ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። «ዓይን አፋር ነው።» እኔ ያን ቀን ሻይ በአፍንጫዬ ወጣ። ጎብኚውን ከውሃው ዳር አሥር እርምጃ አርቀው ማቆም ጀመሩ፣ ጀልባውንም ለጊዜው አገዱት፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «እሽ!» ይላሉ። እንቁራሪት ስትዘል «ሰማችሁ?» ይላሉ።

የሚገርመው ገበሬዎቹ አመኗቸው። ማሳው ለውሃው ከሁሉ የቀረበው አልዪ የሚባል ሰው ነበር፤ ቁጥብ፣ ረጅም፣ ሲያወራ ዓይኑ የማይርገበገብ። «እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» አለን ለመምህራኑ። «ጆሮው ብቻ ነው የወጣው። ዱጋ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ወላሂ! ተነፈሰ፤ ቄጠማው ሁሉ ተኛ።» ጎረቤቱ ደግሞ ከአልዪ ላለማነስ የጉማሬውን ጀርባ አየሁ አለ። ሦስተኛው የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ይቆጣል አለ። ሞተሮቹ በመጡበት አህያ ተመለሱ። ሦስት በጋ ሙሉ ማንም ሞተር ይዞ ዳሩን አልረገጠም። እኔ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ ገበሬ የዋህነት ሳወራ፣ የአልዪን አነጋገር እያስመሰልኩ ስንቱን አሳቅኩ። በማስመሰል ጎበዝ ነኝ ይሉኛል።

ከዚያ እኔ የማልረሳው እሁድ መጣ። ትምህርት ቤታችን ለመምህራን ሽርሽር ሐይቁ ዳር አዘጋጀ። ሙክት ታርዷል፣ የሰፈሩም ሰው ተጠርቷል፤ አልዪና ጎረቤቶቹ ከዳር ተቀምጠዋል። ቲቸር ሙሜ የተለመደውን «እሽ!» ካሉ በኋላ ከአዲሶቹ መምህራን አንዱ ወደ እኔ ዞረና «አንተ የባዮሎጂ አስተማሪ ነህ፤ እስቲ ንገረን፣ እውነት ጉማሬ አለ?» አለኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ሥጋም ነበረኝ። ግን ሰው ሁሉ አየኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ አልወድም ማለት አልችልም። ተነሥቼ ቆምኩ። ጉማሬ ሣር በል ነው አልኩ፤ ይኸው ሣሩ አልተነካም። ጉማሬ ከውሃ ሲወጣና ሲገባ መንገድ ያወጣል፤ መንገዱ የት አለ? ፋንድያው የት አለ? የእግሩ ዱካ የት አለ? እንደ ክፍል ውስጥ በጣቴ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። በመጨረሻ «እዚህ ሐይቅ ውስጥ ጉማሬ ካለ የሚበላው የቲቸር ሙሜን ወሬ ነው!» ስል መምህራኑ በሳቅ ወደቁ። ያጨበጨበም ነበር።

ገበሬዎቹ አልሳቁም። አልዪ መሬት መሬት ያያል። አማርኛው አልገባው ይሆናል ብዬ በኦሮምኛ ደገምኩለት፤ አንዱንም ነጥብ ሳላስቀር።

ቲቸር ሙሜ አልተቆጡም። ሥጋው ተበልቶ ሰው ሲበታተን ክንዴን ይዘው ወደ ጀሪካኑ ጀልባ ወሰዱኝ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ዋና ሳስተምርህ ውሃ የለም ብለህ ተናግረህ ነበር?»

«አልተናገርኩም።»

«ስንት አገኘህ?»

«አሥራ ስምንት።»

«እኔስ ውሃ እንደሌለ ጠፍቶኝ ነው?»

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ሽማግሌው ተዋርደው ነገር እያምታቱ ነው ብዬ ገመትኩና፣ እንዲያውም አዝኜላቸው፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኳቸው።

ሞተሮቹ ለመምጣት ሳምንት አልፈጀባቸውም። መጀመሪያ ከማዶ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የአልዪም ሞተር መጣ፤ ትልቁ እሱ ነበር። የውሃ መሳቢያ ጎማቸው ውሃው ዳር ተደርድሮ ሲንዶቀዶቅ ቲቸር ሙሜ በፊሽካቸው ሊበልጧቸው ይሞክሩ ነበር። አቤቱታ ጽፈው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይዘው ሄዱ፤ የተቀበላቸው ሰው መዝገቡን አገላብጦ እንዲህ ያለ ሐይቅ እንዳልተመዘገበ፣ ያልተመዘገበ ሐይቅ ደግሞ ደረቀ ሊባል እንደማይችል በትሕትና አስረዳቸው። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ሳቁን እኔም አብሬ ሳቅኩት፤ አሁን ሳስበው ምኑ እንዳሳቀኝ አላውቅም።

በሁለተኛው በጋ ሐሮ ጭቃ ሆነ። በሦስተኛው ጭቃውም ተሰነጠቀ። የሩሲያዋ ዳክዬ ወደ አገሯ ሳትመለስ አልቀረችም። ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ ቀርቶ፣ በሩን አንዱ ወስዶ ለቤቱ ገጠመው፤ መልሶ በር ሆነ። ቲቸር ሙሜ ግን ጉብኝቱን ወዲያው አልተዉም። «ሐይቁ የነበረበት» እያሉ ጥቂት ሰዎችን አዞሩ፤ ሰው ግን የሌለ ጉማሬ ለማየት ይመጣል እንጂ የሌለ ውሃ ለማየት አይመጣም።

አንድ ቅዳሜ የሰፈሩ ወጣቶች ጭሮ ቤታቸው ድረስ መጡ። የደረቀው የሐይቁ ወለል ሜዳ ሆኖላቸዋል፣ ጎል ተክለዋል፤ የሚያጫውታቸው ዳኛ ይፈልጋሉ። ስለ ሐሮማያው ነገር ከየት ይወቁ? ያከበሯቸው መስሏቸው ነው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ቲቸር ሙሜ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ለልጆቹ ሰጧቸውና «ራሳችሁ ንፉት» አሏቸው። ከዚያን ቀን በኋላ ያለ ፊሽካ ነበር የሚሄዱት፤ መንገድ ላይ ሳያቸው አንዳንዴ ሌላ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ለመቀለድ ሞክሬ ነበር፣ አልመጣልኝም።

ተዚያቸው ላይ፣ ለቅሷቸው ላይ ማለቴ ነው፣ ጭሮ ያለ ሰው ሁሉ ነበር። ሦስት ትውልድ በዴስክ ላይ ያዋኙ ሰው ናቸውና ድንኳኑ ሞላ። ሰው በየጥጉ የእሳቸውን ወሬ እያነሣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል። እኔም ዴስክ ላይ የሰመጠውን ልጅ ወሬ ነግሬ አንድ ጥግ አሳቅኩ። ከዚያ አጠገቤ አንድ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። አልዪ ነው፤ ከሂርና ለተዚያው መምጣቱ ነው። አርጅቷል። ስለ ጫቱ ጠየቅኩት። ውሃው ካለቀ በኋላ ደርቆ መነቀሉን፣ ሞተሩንም በአሮጌ ብረት ዋጋ መሸጡን፣ አሁን የሰው ማሳ ላይ እንደሚሠራ ነገረኝ። ዓይኑ አሁንም አይርገበገብም።

«ቲቸር» አለኝ ቆይቶ፣ «ያኔ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ጉማሬው።»

የተናደድኩት ወዲያው ነው። ሐይቁን የጠጣው ትልቁ ሞተር የማን ነበርና ነው እኔን የሚከሰኝ? «አልዪ» አልኩት፣ ድምፄን ለለቅሶው ስል ዝቅ አድርጌ፣ «ጉማሬ እኮ አልነበረም።»

«እሱማ እኛም እናውቅ ነበር» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አይደለም።

«እኔ እዚያ ውሃ ዳር ነው የተወለድኩት፤ አባቴም እዚያው ነው። ጉማሬ ዳገት ወጥቶ ቢመጣ እኔ ሳላውቅ ይቀራል?» አለ። «ግን እኔ ፈራሁ ስል ጎረቤቴም ፈራሁ ይላል። እሱ ከፈራ እኔ አልቀዳም፣ እኔ ካልቀዳሁ እሱ አይቀዳም። ማንም ሞኝ አይባልም። ሚስቴም ‹ሰው ሁሉ ሲቀዳ አንተ ለምን ትቀመጣለህ› አትለኝም፤ ጉማሬ አለዋ! አንተ ተነሥተህ የለም ስትል ግን፣ ያውም በሁለት ቋንቋ፣ በማግስቱ ቀድሞ ያልቀዳ ሞኝ ሆነ። እኔ ሞኝ ልሁን?»

ሦስት በጋ ሙሉ የሳቅኩበት ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጉማሬ ይኖር ይሆን ብሎ ሣሩን የመረመረ፣ ፋንድያ የፈለገ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ቲቸር ሙሜ ይሄን ነግረውኝ አያውቁም» አልኩት። ልመና ይመስል ነበር ድምፄ።

አልዪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አነሣ።

«ያውቃል ብሎ ነዋ» አለ። «አስተማሪ አይደለህ?»